የጥገና ፈቃድ ጥያቄ የማን ጥያቄ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሰንዳፋ፣ እንዲሁም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ሠራተኛ ስለ ታሪካዊ ሠፈሮችና ስለ ቅርስ ጥገና ሲነገር በሚሰማበት ጊዜ ጉዳዩ የፒያሳና የሐረር እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ አድርጎ ሊገምት ይችላል። ይህ ግምት ግን ከእውነታው ጋር አይጣጣምም። ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረበት፣ የግድግዳው ቋሚ ከሥሩ በምስጥ የተበላበት፣ ለልጆቹ አንዲት ክፍል ለመጨመር ወይም የመንገድ ዳር ክፍሉን ሱቅ ለማድረግ ያሰበ ሰው ሁሉ፣ በፒያሳም ይሁን በሰንዳፋ፣ የሚያነሳው ጥያቄ አንድና ያው ነው። ይኸውም ቤቱን ለመጠገን ወይም ለማሻሻል የማንን ፈቃድ፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ወጪ ያገኛል? የሚል ነው።

በእኛ እምነት ይህ ጥያቄ የመሐንዲሶችና የጽሕፈት ቤቶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ፈቃድ በሚጠየቅበትና ፈቃድ በሚሰጥበት ቀን መካከል ያለው ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ስለዚህ መልስ ሳይሰጥ የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር ራሱ ውሳኔ ነው፤ ቤቱ ይፍረስ የሚል፣ ነገር ግን ማንም ያልፈረመበት ውሳኔ ነው። ታሪካዊ ቤቶችን በክልከላ ብቻ ለመጠበቅ የሚደረግ ጥረት ለምን ከዓላማው ተቃራኒ ውጤት እንደሚያስከትልና ሰፊው ሕዝብ ከዚህ ልምድ ምን መማር እንዳለበት እንደሚከተለው እንመለከታለን።

ቅርሱን የሠራው ማን ነው?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ሠፈሮቿ በመኳንንቱና በሹማምንቱ ግቢዎች ዙሪያ እየተመሠረቱ እንደመጡ የሚታወቅ ነው። በዚህም የተነሳ አሮጌዎቹ ቤቶች በባለቤቶቻቸው ስም ይጠራሉ። በኋላ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት፣ የሼክ ሆጀሌ ቤት፣ በፒያሳም የሕንዳዊው ነጋዴ የመሐመድ አሊ ሕንፃ እየተባሉ ይነሳሉ። ይሁን እንጂ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ጭድና አፈር ደባልቆ ጭቃ የረገጠው፣ ባሕር ዛፉን በትከሻው የተሸከመው፣ ከሕንድና ከአርመን የመጡ ግንበኞችና አናጢዎች ጎን ቆሞ የእንጨት ሰገነቱን ያገጣጠመው ሠራተኛ በየትኛውም ቤት ስም አልተጠራም። በቤቶቹ ውስጥ የሚታየው ግን የእርሱ እጅ ሥራ ነው።

የሕጎቻችን ታሪክም ይህን ሐቅ ቀስ በቀስ እንደተቀበለው እናያለን። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቅርስ ብሎ የሚቀበለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። በዚህ መለኪያ ሲታይ ከዚያ በኋላ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ አንድም ጥበቃ የሚገባው ቤት አልነበራትም ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ግን ትርጉሙን በዕድሜ ቁጥር አልወሰነውም። ቅርስን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት አድርጎ በመውሰድ በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው መዝኖታል። የሥራ ውጤት የሚለው ቃል ሊጤን ይገባዋል። ቅርስ የሥራ ውጤት ከሆነ፣ የመኳንንቱ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው የጭቃ ቤትና የባለሱቁ የእንጨት በረንዳም እንደየዋጋቸው በዚህ ሚዛን ሊመዘኑ ይችላሉ።

ባለቤት ያለው ቤት፣ ባለቤት ያጣ ጥገና

የዛሬውን ችግር ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ቤቶች በቀበሌ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት እጅ እንዲገቡ ተደረገ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ቀነሰ። ይህ እርምጃ የከተማውን ቦታ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ካከማቸው ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር፣ በኪራይ ጭማሪና በመባረር ሥጋት ይኖር ለነበረው ተከራይ ታላቅ እፎይታ እንደነበረ የማይካድ ነው።

ሆኖም ግን ያለፈውን በሂስ ዓይን መመርመር ግዴታችን ነው። የኪራዩ ጥያቄ ሲፈታ የጥገናው ጥያቄ ሳይፈታ ቀረ። ዝቅተኛ ኪራይ ለተከራዩ እፎይታ ሲሆን፣ ከዚሁ ኪራይ የሚገኘው ገቢ ግን ቆርቆሮ ለመለወጥና ቋሚ ለመተካት የሚበቃ አልነበረም። ቀበሌው ባለቤት ነበር፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ተከራዩ ከኪሱ አውጥቶ ልጠግን ቢል ቤቱ የራሱ አይደለምና ያለ ቀበሌው ፈቃድ እጁን ሊያነሳ አይችልም፤ ፈቃድ አግኝቶ ቢጠግንም ያወጣው ገንዘብ የሚያስከብርለት መብት አልነበረም። በዚህ አኳኋን ሥርዓቶች ሲለዋወጡ፣ ጽሕፈት ቤቶችም ስማቸውን ሲቀያይሩ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት በአንድ ጣሪያና በአንድ ቆርቆሮ ቆዩ።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሲያዩ ጥፋቱ ሁሉ የመንግሥት ባለቤትነት ነው ይላሉ። ይህ የነገሩን ግማሽ ብቻ ማየት ነው። በከተማ መሐል ቦታው ከቤቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ በሚያወጣበት ሁኔታ፣ የግል ባለይዞታም ቢሆን አሮጌውን ቤት ከመጠገን ይልቅ እስኪወድቅ መጠበቅ የሚጠቅመው ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ዋናው ቅራኔ እንግዲህ በመንግሥትና በግል ይዞታ መካከል ብቻ ያለ አይደለም። በቤቱ ውስጥ በሚኖረው ሰው ፍላጎትና ከቤቱ መውደቅ በሚጠቀመው ሰው ፍላጎት መካከል ያለ ቅራኔ ነው። የጥገና ፈቃድ አሠራር ሳይወድ በግድ ከሁለቱ ለአንዱ ያደላል።

የሕጉ ሁለት እጆች

አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የመጠገንና የማደስ ሥራ ሁሉ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋል። የተከለለ የቅርስ ሥፍራ ተብሎ በታወጀ ቦታም ያለ ፈቃድ ቤት መሥራት፣ መንገድ ማውጣትና መሬት መቆፈር አይቻልም። ይህ አንደኛው የሕጉ እጅ፣ የሚከለክለው እጅ ነው። ሁለተኛው እጅ ደግሞ የሚረዳው ነው። በግል የተያዘን ቅርስ የመጠገኑ ወጪ የባለቤቱ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ለመሸፈን ሊረዳው እንደሚችል ሕጉ ያመለክታል። በአሠራር እንደምናየው ግን የሚከለክለው እጅ ፈጣን፣ የሚረዳው እጅ ዘገምተኛ ነው። ክልከላው በማኅተም ተደግፎ ወዲያው ይደርሳል፤ እርዳታው የበጀት ዓመት ሲጠብቅ ይከርማል።

በሌላ በኩል በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ግንባታ ማለት አዲስ ቤት መሥራት ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማሻሻልና አገልግሎቱን መለወጥም ጭምር እንደሆነ ደንግጓል። ይህ አዋጅ የተዘረጋው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ስለሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትም ከተሞች የሚመለከታቸው ሆነዋል። እንግዲህ በታሪካዊ ሠፈር በመንግሥት ቤት የሚኖር ተከራይ ሦስት በሮችን ማንኳኳት ይኖርበታል። አንደኛው የቤቱ ባለቤት የሆነው አስተዳደር፣ ሁለተኛው የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል፣ ሦስተኛው ቅርስን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ነው። እያንዳንዱ በር የየራሱ አስፈላጊነት እንዳለው እንቀበላለን። ሦስቱ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ አመልካቹ ደብዳቤ ተሸካሚያቸው ሲሆን ግን አሠራሩ የሕዝብ አገልጋይ መሆኑ ያበቃና ቢሮክራሲያዊ ይሆናል።

ቤት እንዴት ይሞታል?

የጭቃ ቤት አሟሟት ለማንም የሠፈር አናጢ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ከቆርቆሮው አንዱ ምስማር ይላላል፤ ወይም አሸንዳው ይቀደዳል። ውኃው ግድግዳውን ይመታል። ምርጊቱ ይረግፍና ማገሩ ይጋለጣል። ከዚያም ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ሲሰምጥ ጣሪያው ይዘምማል። በሚያዝያ ወር በአንድ ቆርቆሮና በእፍኝ ምስማር ሊቆም ይችል የነበረው ጉዳት በመስከረም የግድግዳ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። በሁለተኛው ክረምት የቤቱ ሁሉ ጥያቄ ይሆናል። በሦስተኛው ክረምት ባለሙያ መጥቶ ቤቱ ለኑሮ አስጊ ነው ብሎ ይጽፋል። የጻፈው እውነት ነው። ያልጻፈው ግን ከሦስት ክረምት በፊት የቀረበውን የጥገና ማመልከቻ ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች በሌሊት ተሠርቶ ጠዋት የሚገኝን ቤት የጨረቃ ቤት ማለት የተለመደ ነው። የጥገና ፈቃድ በሚጓተትበት ቦታ ሁሉ የጨረቃ ጥገናም ይከተላል። ነዋሪው ማመልከቻው መልስ ሲያጣ በእሑድ ወይም በሌሊት፣ ሸራ ጋርዶ፣ ያገኘውን ይለጥፋል። ለፍጥነቱና ለጥንካሬው ብሎ በጭቃው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ይለስናል። ሲሚንቶው ከውጭ ሲያዩት ያማረ ነው። ነገር ግን በጭቃውና በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት እንደ ልብ እንዳይወጣ አፍኖ ስለሚይዘው እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። በጭቃና በኖራ ቢመረግ ይተነፍስ የነበረው ግድግዳ ታፍኖ ይወድቃል። ስለዚህ ቅርሱን ለመጠበቅ የወጣው ክልከላ በመጓተቱ ብቻ ቅርሱን የሚያበላሸውን ሥራ ወለደ ማለት ነው።

ይህን ስንል ፈቃድ ይቅር፣ ሁሉም እንደፈለገ ይሥራ ማለታችን እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል። እድሳት በሚል ሽፋን የእንጨቱን ሰገነት ነቅሎ፣ መስታወት ለጥፎ፣ ሁለት ፎቅ ደርቦ የሠፈሩን መልክ የሚያጠፋ ባለገንዘብ መኖሩን እናውቃለን። እንዲህ ያለውን ለመቆጣጠር ፈቃድ የግድ ያስፈልጋል። ስህተቱ ያለው ፎቅ የሚደርበውንና ቆርቆሮ የሚለውጠውን በአንድ ሰልፍ ላይ በማቆም ነው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ባለገንዘቡ ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሮ ሊጠብቅ ይችላል። የቀን ደመወዙን ትቶ የሚሰለፈው ሠራተኛ ግን ሊጠብቅ አይችልም።

በመሆኑም ሥራዎቹ በሦስት መለየት ይገባቸዋል። የመጀመሪያው አስቸኳይ ጥገና ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተቀደደ አሸንዳ፣ የዘመመ ቋሚ፣ አደገኛ የኤሌክትሪክ ሽቦ የመሳሰለው በማስታወቂያ ብቻ ተጀምሮ በኋላ በባለሙያ የሚታይ ሊሆን ይገባዋል። ሁለተኛው ያረጀውን በዚያው ዓይነት ነገር መተካት ነው፤ እንጨትን በእንጨት፣ ምርጊትን በምርጊት ለሚተካ ሰው በአጭር ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ሦስተኛው ለውጥ ነው፤ ክፍል መጨመር፣ መስኮት ማስፋት፣ መኖሪያን ወደ ንግድ ቤት መለወጥ የመሳሰለው በፕላንና በባለሙያ ምርመራ ሊታይ የሚገባው ይህኛው ነው። የባለሙያውም ጊዜ በትንሽ በትልቁ ሳይባክን ለሚያስፈልገው ሥራ ይተርፋል።

ከሌሎች ሕዝቦች ልምድ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከ1964 አብዮት በኋላ በድንጋይ ከተማ የነበሩ በርካታ ቤቶች ተወርሰው ለሠርቶ አደሮች ተሰጡ። ኪራዩ አነስተኛ ስለነበረና ለጥገና የሚውል ገንዘብ ስላልነበረ ብዙዎቹ ፈራረሱ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ብትመዘገብም መመዝገቡ በራሱ ጣሪያ አልደፈነም። እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራውና የአስደናቂ ነገሮች ቤት በመባል የሚታወቀው ታላቁ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2020፣ እድሳት ላይ ሳለ፣ በከፊል ተደርምሶ የሰው ሕይወት አጠፋ። እድሳቱ የመጣው ሕንፃው ለዓመታት ከተጎዳ በኋላ ነበር።

በኢጣሊያ የቦሎኛ ከተማ የተከተለችው መንገድ ከዚህ ይለያል። ኮሙኒስቶች ያስተዳድሯት የነበረችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሮጌው መሐል ከተማ የጥበቃ ፕላን አወጣች። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ለአዲስ መንደር ይውል የነበረውን የመኖሪያ ቤት ገንዘብ አሮጌዎቹን የሠራተኞች ቤቶች ለመጠገን አዋለችው። ከግል ባለቤቶች ጋርም ውል ገባች። ከተማው በጥገናው ወጪ ሲረዳ ባለቤቱ ኪራይ እንዳይጨምርና ነባሩ ተከራይ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ይስማማል። የቦሎኛ ትምህርት አጭር ነው። ቤቱንና በቤቱ የሚኖረውን ሰው ነጣጥሎ መጠበቅ አይቻልም።

ከአገራችን የሐረርን ጁገል መጥቀስ ይቻላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተገነባው ግንብ ውስጥ ያለችው ይህች ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ባዶ ሐውልት ሆና አይደለም። ሰው የሚኖርባት፣ ነደባ የሚባሉት መደቦች እንግዳ የሚቀመጥባቸው ከተማ ሆና ነው። እርሷም ቢሆን ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ግፊት ነፃ አይደለችም። ነገር ግን ነዋሪው የቤቱን አሠራር ስለሚያውቅና ስለሚኮራበት፣ ጥበቃው በጽሕፈት ቤት ብቻ የተንጠለጠለ አልሆነም።

ከፒያሳ ወደ ዳርቻው

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር በፒያሳ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ነባር ሠፈሮች ተነሱ፤ በ2017 ዓ.ም. ሥራው ወደ ካዛንችስ ቀጠለ። ብዙ ነዋሪዎች በከተማዋ ጠርዝ ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛወሩ። ለሠፈሮቹ መነሳት በተደጋጋሚ የቀረበው ምክንያት ቤቶቹ አርጅተዋል፣ ለኑሮ አይመቹም የሚል ነበር። ከተማ መለወጥ እንዳለበት ክርክር የለንም። በጋራ መጸዳጃና በጠባብ ክፍል የኖረ ሰው ንጹሕ ውኃና ሰፋ ያለ ቤት መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አርጅተዋል የሚለው ቃል ሲነገር እንዴት አረጁ? የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሳት ነበረበት። ዕድሜ ብቻውን ቤት አይጥልም፤ ቤት የሚጥለው ያልተጠገነ ዕድሜ ነው። ጥገና በወቅቱ ያልተፈቀደለት ወይም ያልተረዳ ሰው በኋላ የቤቱ እርጅና በእርሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብበት ፍትሕ ተሟላ ለማለት ያስቸግራል።

የሰንዳፋ፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪ ጉዳዩን የራሱ ጉዳይ አድርጎ መመልከት ያለበት ከዚህ የተነሳ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። ከመዲናዋ የሚወጣው ሕዝብና ፋብሪካ የመሬቱን ዋጋ ከዓመት ዓመት ያንረዋል። በአሮጌው የመንገድ ዳር ሠፈር ያሉት የጭቃና የእንጨት ቤቶች ዛሬ ማንም ቅርስ ብሎ ላይመዘግባቸው ይችላል። ከሃምሳ ዓመት በፊት የፒያሳንም የሠራተኛ ቤቶች ማንም ቅርስ አላላቸውም ነበር።

ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበራትና ዕድሮች ዝናቡን ተቀምጠው መጠበቅ የለባቸውም። ክረምት ከመግባቱ በፊት የየሠፈሩ ጣሪያና አሸንዳ በጋራ ይታይ። የእያንዳንዱ አሮጌ ቤት ሁኔታ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ማመልከቻ ሲቀርብም የቀረበበት ቀን የተጻፈበት መቀበያ ይጠየቅ። ጥገና የሚያስፈልጋቸው ቤቶች በነጠላ ሳይሆን በአንድነት ይቅረቡ፤ ሃያ አባወራዎች በአንድ ዝርዝር ሲያመለክቱ አንድ ባለሙያ በአንድ ቀን ሊያያቸው ይችላል። ምርጊትና ኖራ የሚያውቁ ሽማግሌ ግንበኞች ሙያቸውን ለወጣቶች እንዲያስተምሩ ይደረግ።

ከአስተዳደሩ በኩልም የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ሦስቱ በሮች አንድ በር ይሁኑ። ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት የተቆረጠ ቀን ይኑር፤ ቀኑ ካለፈ አስቸኳይ ጥገና እንደተፈቀደ ይቆጠር። የሚከለከል ሰው የተከለከለበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠው፤ በምን ዓይነት ዕቃና በምን ዓይነት አሠራር ቢጠግን እንደሚፈቀድለትም ይነገረው። ሕጉ የሚረዳ እጅ እንዳለው ሁሉ በጀቱም ይኑረው።

የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ቤተሰብ ስለ ቅርስ ክብር የሚሰጠውን ንግግር ለመስማት ጆሮ አይኖረውም፤ ባልዲ ይዞ ሌሊቱን ያነጋልና። ያን ጣሪያ በወቅቱ እንዲደፍን የፈቀደና የረዳ አስተዳደር ግን ቤቱንም ነዋሪውንም በአንድ ጊዜ ጠብቋል። የጥገና ፈቃድ ጥያቄ የማን ጥያቄ ነው? ለሚለው መልሳችን ይህ ነው፤ ቤቱን የሠራው፣ በቤቱ የሚኖርና ቤቱ ሲወድቅ የሚወድቅበት የሠራተኛው ሕዝብ ጥያቄ ነው። መልሱም ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ሊሰጠው ይገባል።